ቀይ ክር ያለበት ኬብል
በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ ጸሐፊ ደውላ «ሃያ ደቂቃ አለህ፣ ስለ ቴክኖሎጂ የሆነ ነገር ተናገር» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብያት ነበር። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚናገር ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልቷል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ኬብል ስከተል ነው። «እንግዲያው ስለ ኬብል ተናገራ!» አለችኝ። ስለዚህ ስለ ኬብል ልናገር ነው። ጥፋቱ የእሷ ነው።

ሁለት ኬብሎች ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ። ከኋላ ያላችሁት ባታዩዋቸውም ብዙ አልቀረባችሁም፤ መንትያ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ጫፋቸው ዘጠኝ ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፋቸው ሃያ አምስት ፒን አላቸው። ቀለማቸው አንድ ነው፣ ርዝመታቸውም አንድ ነው። አንደኛው አንገቱ ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮበታል፤ ሌላኛው ቀይ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. እኔ ይህችን ቀይ ክር ባለማወቄ ከመቶ በላይ ሰው የወር ደመወዙን ሊያጣ ነበር፤ አንድ ጥሩ ልጅም ያላጠፋውን ጥፋት ሊሸከም ነበር።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ጉለሌ ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ወረድ ብሎ። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልክ እዚያ ስቀጠር የኮምፒውተሩን ክፍል የሚይዙት አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። እሳቸውም ስማቸው እንዲነሳ ስለማይፈልጉ «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል። ጋሼ ዝም ያሉ ሰው ናቸው። ቢሮአቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሶልደር ሽታ አለ። በደረት ኪሳቸው ከእስክሪብቶ ይልቅ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ነው የሚይዙት። ሰርቨሩ ጎን አንድ ነጭ ሞደም አስቀምጠው ነበር፤ ስፖርትስተር የሚባለውን፣ ከፊቱ ቀያይ መብራቶች የተደረደሩበትን። ማታ ሰርቨሩ ላይ ችግር ከተፈጠረ ከቤታቸው ስልክ ደውለው በሞደሙ በኩል ይገባሉ፣ አስተካክለው ይወጣሉ። ጠዋት ስንመጣ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም።

ወጣቶቹ ትስቁ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች ከየት እንደመጡ ጥቂት ልበል። በአገራችን ሕዝብ የሚጠቀምበት ኢንተርኔት የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ኢሜይል አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ፓዲስ የሚባል ክፍል ነበር። እዚያ እነ ሊሻን አዳም ፊዶኔት በተባለው ዘዴ መልእክት ያመላልሱ ነበር። ተጠቃሚው ከቢሮው በሞደም ወደ ፓዲስ ይደውላል፣ ደብዳቤውን ያራግፋል። የሁሉም ደብዳቤ ተጠራቅሞ ይታመቅና በቀጠሮ ሰዓት በዓለም አቀፍ ስልክ ከለንደኑ ግሪንኔት ጋር ልውውጥ ይደረጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ መደወል በደቂቃ ስንት ያስከፍል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንድ ሞደም መስመሩን ይዞ ዝም ቢል ገንዘብ ነው የሚነደው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰው ሞደም ሲጮኽ ጆሮውን አቅንቶ ይሰማል፤ በጩኸቱ ብቻ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይነግራችኋል። ጋሼ እንደዚያ ናቸው።

በ2004 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታችን ብሮድባንድ አስገባ። እኔ ደግሞ ትኩስ ነበርኩ፣ አፌም ይፈጥን ነበር። ስብሰባ ላይ «ኢንተርኔት እያለ ስልክ ደውሎ ሰርቨር ውስጥ መግባት ምን የሚሉት ነው?» አልኩ። ሰው ሳቀ። ጋሼም ፈገግ አሉ። በማግስቱ ሞደሙን ነቅዬ ከነኬብሎቹ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ ካርቶኑ ላይ «አሮጌ ዕቃ» ብዬ ጻፍኩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሼ ጡረታ ሲወጡ አንድ በእጅ የተጻፈ ደብተር ሰጥተውኝ ነበር። ቢሮው ቀለም ሲቀባ የት እንደገባ አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈለግኩትም።

እንግዲህ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሳምንቱ ምን ዓይነት ሳምንት እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ወደዚያ አልገባም። በዚያ ላይ የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበረ፤ አብዛኛው ሠራተኛ ከቤቱ ነው የሚሠራው። የእኔ ቤት ደግሞ ቃሊቲ ነው። ከቃሊቲ ሽሮ ሜዳ ማለት ከተማዋን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ መሰንጠቅ ነው፤ በዚያ ሳምንት የሚታሰብ አልነበረም።

ሐሙስ ሌሊት ጉለሌ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ የቻለውን ያህል ይዞ ተሸነፈ። የሂሳብ ክፍሉ ሰርቨር መብራት ሲመለስ ተነሳ፤ የደመወዙና የክፍያው ፋይል ግን ተበላሽቷል። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ 30 ደግሞ ማክሰኞ ነው። አርብ ጠዋት የሂሳብ ኃላፊዋ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተፈቀደ ክፍያ ዝርዝሩ ካልወጣ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፤ የሰኔ ደመወዝም እዚያው ሰርቨር ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ዕድል ነበረን። ያኔ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ፣ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። ቤቱ እዚያው ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔዎቹ ሰፈር ነው፤ በእግሩ ይደርሳል። ግን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም፤ እናቱ ብቻቸውን ናቸው። ፋይሉን መጠገን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የሂሳብ ፕሮግራሙንም የማውቀው እኔ ነኝ። መደበኛ ስልክ ይሠራል። ያን ጊዜ ነው ካርቶኑ ትዝ ያለኝ።

«አሮጌ ዕቃ የሚል ካርቶን ስቶር ውስጥ ፈልግ» አልኩት። አገኘው።

በእኔ በኩል ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ ግን እዚህ ያላችሁ መምህራን አስማሚውን ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ እንደ ዛሬው ላፕቶፕ ሁሉ የሲሪያል ፖርት የለውም። ከመርካቶ የገዛሁት ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር አስማሚ ነበረኝ። ስሰካው ዊንዶውስ 10 አወቀውና ወዲያው «አይሠራም» አለ። ውስጡ ያለው ቺፕ የፕሮሊፊክ ነኝ የሚል አስመሳይ ነው፤ አዲሱ ድራይቨር ደግሞ አስመሳዩን ለይቶ እንዲገፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። አሮጌ ድራይቨር ብታወርዱ ይሠራል። ከየት ይወርዳል? ኢንተርኔት የለም! ደግነቱ ፍላሽ ላይ ያስቀመጥኩት ኡቡንቱ ነበረኝ፤ በእሱ አስነሳሁት። ሊኑክስ የዘር ሐረግ አይጠይቅም፣ ተቀበለው።

ግን አስማሚው በእርግጥ እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ? ይህችን ለተማሪዎቻችሁ አሳዩልኝ፤ አንዲት የወረቀት መያዣ ሽቦ ትበቃለች። የዘጠኝ ፒኑን ሁለተኛና ሦስተኛ ፒን በሽቦው ታገናኛላችሁ፤ መላኪያውና መቀበያው ተያያዙ ማለት ነው። ከዚያ በቁልፍ ሰሌዳው ትጽፋላችሁ። የጻፋችሁት ተመልሶ ከመጣ እስከዚያች ሽቦ ድረስ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ሽቦውን ስታነሱት መቆም አለበት፤ ካልቆመ እያያችሁ ያላችሁት የፕሮግራሙን የራሱን ማሚቶ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛዋን ፈተና ይዘላታል።

የእኔ ሞደም ደግሞ ስልኩን አንስቶ «የመደወያ ድምፅ የለም» አለኝ። እኔ በጆሮዬ እሰማዋለሁ፣ እሱ የለም ይላል። የተሠራው ለሌላ አገር ስልክ ነውና የእኛን ድምፅ አላውቀውም አለ። «ሳትጠብቅ ዝም ብለህ ደውል» የሚል ትእዛዝ አለ፣ ኤክስ3 የሚሉት፤ በዚያ ተገላገልኩ። የኤዲኤስኤሉንም ስፕሊተር አልረሳሁም። አርብ ማታ በእኔ በኩል ሁሉም ነገር ዝግጁ ነበር።

ቅዳሜ ልጁ ገባ። መጀመሪያ ሞደሙን ሰርቨሩ ክፍል ካለው የስልክ ሶኬት ላይ እንዲሰካ ነገርኩት። እሱም ስህተት ነበር፤ የቢሮው ስልክ በፒቢኤክስ በኩል የሚያልፍ ነው፣ ለተራ ሞደም አይሆንም። ቀጥታ መስመር ያለው የፋክሱ ብቻ ነው፤ ፋክሱ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ፣ ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ቢሮ ነው። ልጁና የጥበቃው ሽማግሌ የስልክ ገመድ በመስኮት አውርደው፣ በረንዳውን አዙረው፣ በሰርቨሩ ክፍል መስኮት አስገቡት። ያን ሁሉ ሲሠሩ ዝናብ እየዘነበ ነበር። የእንጦጦን ዝናብ በሰኔ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሁን ኬብሉ ቀረ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት አሉ።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። አርኤስ-232 የሚባለው ደረጃ የወጣው በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የተሠራው ለሁለት የተለያዩ ባለድርሻዎች ነው፤ አንደኛው ኮምፒውተር ወይም ተርሚናል፣ ሌላኛው ሞደም። ሞደሙ ሲሠራ ጀምሮ የኮምፒውተሩ አፍ ባለበት ጆሮውን፣ ጆሮው ባለበት አፉን አድርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባው ኬብል ቀጥታ ነው፤ ምንም መሻገር የለበትም። ሁለት ኮምፒውተር፣ ወይም ኮምፒውተርና ተርሚናል ስታገናኙ ግን ሁለቱም አፋቸው አንድ ቦታ ነው፤ አፍ ከአፍ ይጋጫል። ያን ጊዜ ኬብሉ ውስጥ ሽቦዎቹ መሻገር አለባቸው። ጋሼ ሰርቨሩ ላይ ድሮ ተርሚናል ስለነበራቸው የተሻገረም ሠርተዋል፣ ቀጥታም ሠርተዋል።

ልጁን «ቴስተር አለህ? ጩኸቱ ላይ አድርገው» አልኩት። «ሁለት ከሁለት ጋር ይጮኻል?»

«ይጮኻል።»

«ሦስት ከሦስት ጋርስ?»

«ይጮኻል። ይሄ ቀይ ክር ያለበት ነው። ሌላውን ልይልህ?» አለኝ። አየው። «አረንጓዴው ሁለቱ ወደ ሦስት ይሄዳል፣ ሦስቱ ወደ ሁለት።»

«እሱን ተወው፣ የተሻገረ ነው። ቀዩን ስካው» አልኩት።

ሰካው። ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሞደሙ አያነሳም። አጥፍቶ አበራው። ከኋላ ያሉትን ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ አነበበልኝ፤ ራሱ ስልክ እንዲያነሳ የሚያደርገው በቦታው ነው። በሚኒኮም ትእዛዝ ላከ፤ መልስ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ልጁ በጣም በትሕትና «ምናልባት አረንጓዴውን ብሞክረው?» አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩት። «ኬብልና ኬብል ካልለየህ አራት ዓመት ምን ስትማር ነበር?» ነው ያልኩት፤ ቃሉን አልረሳውም። ለሂሳብ ኃላፊዋም ደውዬ «ልጁ አልቻለበትም፣ ተስፋ አታድርጊ» አልኳት። በማግስቱ ይህ ወሬ የሚደርሰው ዳይሬክተሩ ጋ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ በቅርብ ነበር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። አዲሱ ገበያ ነው የሚኖሩት። ሰላምታው ሲያልቅ፣ «ጋሼ፣ ያ ሞደም ...» አልኩ።

«የትኛው? አንተ የነቀልከው?»

«አዎ።»

«እሺ። ቲአር የምትለዋ መብራት በርታለች?»

ልጁ ጋ በሞባይል ደውዬ ጠየቅኩት፤ ቤቱ ገብቷል፣ ግን ያስታውሳል። አልበራችም ነበር።

«እንግዲያው ሞደሙ ሰርቨሩ መኖሩንም አያውቅ» አሉ ጋሼ። «ጌታው ቤት የለም ብሎ ነው ስልክ የማያነሳው። በየትኛው ክር ነው ያሰርከው?»

«በቀዩ። ለክተነዋል፣ ሁለት ከሁለት፣ ሦስት ከሦስት ነው፤ ቀጥታ ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ የፌዝ ሳቅ አይደለም። «ልጄ፣ በዘጠኙ ላይ ሁለት ቁጥር ምንድነው?»

«መቀበያ።»

«በሃያ አምስቱ ላይስ?»

እዚህ ላይ መምህራኖቼ አሁን ፈገግ ስትሉ እያየሁ ነው። በዘጠኝ ፒኑ 2 መቀበያ፣ 3 መላኪያ ነው። በሃያ አምስቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ 2 መላኪያ፣ 3 መቀበያ። ስለዚህ ከዘጠኝ ወደ ሃያ አምስት የሚሄድ ቀጥታ ኬብል በቴስተር ሲለካ የተሻገረ ይመስላል፤ የተሻገረው ደግሞ ቀጥታ ይመስላል። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፣ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ሰርቨር ክፍል በሌለሁበት፣ በስልክ፣ በድንጋጤ፣ ረሳሁት። ልጁ ግን የለካውን በትክክል ነው የነገረኝ፤ የሰማሁት እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

«ክሩን ለምን አሰሩበት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ፕላስተር ላይ የጻፍከው ሙቀት ሲነካው ይለቃል። ክር አይለቅም። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ለምኜ ነው ያመጣሁት፣ የጥለት ትርፍራፊ። ቀይ ለተርሚናል፣ አረንጓዴ ለሞደም። ደብተሩ ላይ አለልህ» አሉኝ።

ደብተሩ እንደሌለ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ሲያነቡት ያውቁታል።

እሑድ ልጁ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አረንጓዴውን ሰካ። ቲአር በራች። ደወልኩ፤ አነሳ፣ ያ የምታውቁት ጩኸት መጣ፣ ተገናኘን። ከዚያ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። አንድ ፊደል አይመጣም። ሰኞ ጠዋት ልጁ ገብቶ ሲያየው የሰርቨሩ የመዝገብ ፋይል ዲስኩን ሊሞላው ደርሷል። እንደገና ወደ አዲሱ ገበያ ደወልኩ።

«ዝም አሰኝተኸዋል?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ሞደሙን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞደም ከፋብሪካ ሲወጣ የተላከለትን ትእዛዝ መልሶ ያስተጋባል፤ ለሰው እንዲመች ነው። ሰርቨሩ ፖርቱ ላይ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሞደሙ «ማን ነህ?» ብሎ ያስተጋባል። ሰርቨሩ «ማን ነህ» የሚባል ሰው መጣ ብሎ «የይለፍ ቃል?» ይላል። ሞደሙ «የይለፍ ቃል?» ይላል። ስህተት ነው፣ እንደገና «ማን ነህ?» ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ ማን ነህ፣ ማን ነህ ሲባባሉ አደሩ። ሰርቨሩም በመጨረሻ ሰለቸውና ፖርቱን ዘጋው። መድኃኒቱ ሁለት ትእዛዝ ነው፤ ማሚቶውን የሚያጠፋው ኢ0 እና መልስ የሚያስቀረው ኪው1። ከዚያ መብራት ቢጠፋም እንዳይረሳው ሞደሙ ውስጥ ማስቀመጥ። ልጁ በሚኒኮም ገብቶ በሦስት ደቂቃ ጨረሰው። ለዚህ የሰርቨሩን ዋና ፓስወርድ በስልክ ነግሬዋለሁ፤ እናንተ አታድርጉት፣ እኔም በማግስቱ ቀይሬዋለሁ።

ሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ዝናቡ ሲጠና መስመሩ መንጫጫት ጀመረ፤ የሠፈር የስልክ ሣጥን ውስጥ ውኃ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሦስት ጊዜ ተቆረጠብኝ። ፍጥነቱን ወደ 9600 አወረድኩት፤ ከዚያ በኋላ ቆየ። 9600 ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ፊደል በሲሪያል ሲሄድ አሥር ቢት ነው የሚፈጀው፤ በሰከንድ ወደ 960 ፊደል ማለት ነው። ሙሉ የጽሑፍ ስክሪን 2000 ፊደል ነው፤ በሁለት ሰከንድ ይሞላል። ፋይል ለመጠገን ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ሥዕል አላይ፣ ቪዲዮ አላይ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የደመወዙ ሠንጠረዥ ያለ ስህተት ተከፈተ። ሰኔ 30 ጠዋት ልጁ ዝርዝሩን አተመ፣ የሂሳብ ኃላፊዋ መኪና ለምና መጥታ ተቀበለችው።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። በስልክ አይደለም፣ ሐምሌ ላይ ፊት ለፊት። ለዳይሬክተሩም የሆነውን እንደሆነው በደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንድ ግልባጭ የልጁ የግል ማኅደር ውስጥ አለ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሞደሙን አልነቀልነውም። ጥበቃው እንደ ጋሼ ጊዜ ስልክ ሲደወልለት ብቻ ኤሌክትሪኩን ይሰካዋል፣ ስንጨርስ ይነቅለዋል። ሌላ ጊዜ ሁሉ ክፍት የተተወ ሞደም ማንም ደውሎ የሚያንኳኳው በር ነው፤ ይህንንም የነገሩን ጋሼ ናቸው።

ላቦራቶሪ ለምትመሩ መምህራን አንድ ነገር። ይህን ያነሳሁት የድሮ ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ዛሬም አዲስ ስዊች ወይም ራውተር ከካርቶን ስታወጡ፣ ወይም ፓስወርዱ ሲጠፋ የምትገቡት በኮንሶል ፖርቱ ነው፤ ያም ይኸው ሲሪያል ነው፣ ብዙ ጊዜ ያው 9600። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚመጡ ልጆች ክላውድ ያውቃሉ፤ ሰማያዊውን የሲስኮ ኬብል ስሰጣቸው ግን የኔትወርክ ኬብል መስሏቸው የኔትወርክ ሶኬት ውስጥ ይሰኩታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ቴስተር፣ ሁለት ኬብልና አንዲት የወረቀት ሽቦ ስጧቸው።

ሌላው ነገር ከሰዓት በኋላ ለሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ አጀንዳ እንዲሆን በጽሑፍ አስገብቼዋለሁ። ጋሼን ለዚህ በዓል ልጋብዛቸው ብዬ የማኅበሩን መዝገብ ገለበጥኩ። የሉም። ጋሼ እዚህ ግቢ ነው የተማሩት፤ ቀን እየሠሩ፣ ማታ በኤክስቴንሽን፣ ዲፕሎማ። ደንባችን ደግሞ የሚመዘግበው ከዲግሪ ጀምሮ ነው። እኔ የረሳሁትን የ2 እና 3 ነገር እሳቸው የተማሩት እዚሁ፣ እነዚሁ ወንበሮች ላይ፣ ምናልባትም ከዛሬ መምህራኖቻችን ከአንዱ ነው። የማታ ምሩቃን ይመዝገቡ ነው የምለው። የሚቃወም ካለ ከሰዓት በኋላ እዚያው እንከራከር፤ ምሳ ላይ አታባብሉኝ።

ልጁ ዘንድሮ ተመዝግቧል፤ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ አሁን አንገቱን ደፍቷል። መሥሪያ ቤታችን ሰርቨሩን ሲቀይር ሁለቱን ኬብሎች በደብዳቤ ተረክቤ ለጋሼ ወስጄላቸው ነበር። ለዛሬ ደግሞ በውሰት ነው የሰጡኝ፣ «መልሰህ አምጣ» ብለው። ቴስተሩንም አጠገባቸው አድርጌዋለሁ። በሻይ ሰዓት መጥታችሁ ለኩ፤ ሁለት ከሁለት ጋር የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ ራሳችሁ ስሙት። ክሩን ብቻ እንዳትፈቱብኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይቆያሉ፤ ከዚያ አዲሱ ገበያ ይዤ መሄድ አለብኝ።